«አልጎሪዝሙ ተቀየረ» ከማለታችሁ በፊት፦ ጉግል ሰርች ኮንሶል ከጅማ ሲገመገም

ብሎግ የሚጽፉ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው አንድ ነው፦ «አልጎሪዝሙ ገደለኝ።» አልጎሪዝም የሚሉት ጉግል ወይም ፌስቡክ የማንን ጽሑፍ ለማን እንደሚያሳይ የሚወስንበትን የኮምፒውተር ስሌት ነው። ጅማ ውስጥ ብዙ አይደለንም፤ ያለነውም ግን ያው ነን። ፌስቡክ ላይ ላይክ ሲቀንስ አልጎሪዝም። ከጉግል የሚመጣው ሰው ሲሳሳ አልጎሪዝም። ሌላ ተጠያቂ የምንፈልገው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

ዛሬ የምገመግመው ይህን ወሬ የሚያጣራልኝን መሣሪያ ነው። ጉግል ሰርች ኮንሶል ይባላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ዌብማስተር ቱልስ ነበር ስሙ። ነፃ ነው። የባንክ ካርድ አይጠይቅም፣ ለጥቂት ቀን ሞክረህ ክፈል አይልም። ሥራው ቀላል ነው፦ ሰዎች ጉግል ላይ ምን ብለው ሲፈልጉ የእናንተ ገጽ እንደታያቸው፣ ስንቶቹ እንደነኩት፣ ስንተኛ ሆኖ እንደታየ ይነግራችኋል።

ማን እንደሚገመግም ለማወቅ ያህል፦ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ማታ ማታ ስለ ጅማ እጽፋለሁ። ቤት ኪራይ፣ ምሳ ቤት፣ መኪና፣ ቡና፣ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። አንባቢዬ ወደዚህ ሊመጣ ያሰበ፣ ግን ማንንም የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ መሣሪያውን የማየው ትልቅ ድርጅት ሊያየው በሚችልበት ዓይን አይደለም። በስልኬ፣ ዳታ እየቆጠብኩ ነው የምከፍተው።

ስንከፍተው አራት ቁጥር ይመጣል። ክሊክ፣ ኢምፕሬሽን፣ ከታያቸው ሰዎች ምን ያህሉ እንደነኩት የሚያሳይ መቶኛ፣ እና አማካይ ደረጃ። ኢምፕሬሽን ማለት ገጻችሁ በፍለጋ ውጤት ላይ የታየበት ብዛት ነው። ብዙ ሰው ክሊኩን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። ያለቅሳል፣ ይዘጋዋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን አራቱን ጎን ለጎን ማየት ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ሰው ቀነሰብኝ» የሚባለው ነገር አንድ በሽታ አይደለም። በእኔ ልምድ ሦስት ነው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

የመጀመሪያው ደረጃችሁ ሲወርድ ነው። ሦስተኛ የነበረው ገጽ ሃያ አምስተኛ ይሆናል። ይሄ እውነትም አልጎሪዝም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከእናንተ የተሻለ የጻፈ ሰው መጥቷል። ሁለተኛው ደረጃችሁ ባለበት ሆኖ ኢምፕሬሽኑ ሲወርድ ነው። ይሄ ማለት ጉግል ምንም አላደረጋችሁም፤ ሰው ራሱ መፈለግ ትቷል። ሦስተኛው ደረጃውም ኢምፕሬሽኑም ባለበት ሆኖ ክሊክ ብቻ ሲወርድ ነው። ሰው አያችሁ፣ ግን መግባት አላስፈለገውም።

በምሳሌ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ጉግል ትልቅ ማሻሻያ አወጣ። በኛ አቆጣጠር ከየካቲት 26 እስከ ሚያዝያ 11፣ 2016 ድረስ ቆየ፤ 45 ቀን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ለሰው የሚጠቅም ጽሑፍ» በሚል ለብቻው የጀመሩትን አሠራርም በዚሁ ጊዜ ዋናው የፍለጋ አሠራር ውስጥ ቀላቀሉት። ለፍለጋ ሞተር ብቻ ተብሎ የሚመረተውን ባዶ ጽሑፍ ለመቀነስ ነው አሉ። ወሬው ብሎገሩን ሁሉ አስደነገጠው። እኔም ጋ «ጅማ ውስጥ ምሳ የት ይበላል» የሚለው ገጽ፣ ያ ብዙ ሰው የሚያመጣልኝ፣ ቁልቁል ሄደ። የማውቃቸው ልጆች ወዲያው ፈረዱ፦ «አለቀልህ፣ ማሻሻያው መታህ። ርዕሱን ቀይር። እንደውም አጥፍተህ እንደ አዲስ ጻፈው።»

ሰርች ኮንሶልን ከፈትኩ። የደረጃው መስመር ፍንክች አላለም። የወረደው ኢምፕሬሽኑ ነው። ከዚያ የግድግዳ ካላንደሩን አየሁ። መጋቢት 2 ቀን 2016 ላይ ረመዳንም ሁዳዴም በአንድ ቀን ገብተዋል። አስቡት እንግዲህ፤ ጅማ ውስጥ አንዱ ጎረቤት ኢፍጣር ይጠብቃል፣ ሌላው ከቀትር በኋላ ሽሮውን ይጠብቃል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ «ምሳ የት ልብላ» የሚል ማን ነው? አልጎሪዝሙ ጾም ላይ ነበር ብል ይቀለኛል። ገጹን አልነካሁትም። ዒድ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሰዉ ተመለሰ።

ይህን በጥርጣሬ ብቻ መተው የለባችሁም። መሣሪያው 16 ወር ወደኋላ ያስቀምጣል፤ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ ከዘንድሮው ጋር አነጻጽሩ ብትሉት ሁለት መስመር አድርጎ ይስልላችኋል። ጉግል ደግሞ የፍለጋ ማሻሻያዎቹ የጀመሩበትንና ያለቁበትን ቀን በይፋ በሚያወጣው የሁኔታ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ነው። ራሳቸው የሚመክሩት ማሻሻያው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ጠብቃችሁ እንድትመዝኑ ነው። ከሁለተኛ ወደ አራተኛ መውረድ ብዙ የሚያስነካ ነገር አይደለም ይላሉ፤ ከአራተኛ ወደ ሃያ ዘጠነኛ ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ ጽሑፉን መርምሩት።

ማነጻጸሩ ላይ ግን እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ፋሲካ ይዋልላል። የአዲስ ተማሪዎች የጥሪ ቀን ደግሞ ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ጥሪው ሲወጣ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምን ይዤ ልሂድ»፣ «ጅማ ብርድ አለ ወይ» የሚሉ ፍለጋዎች ይዘንባሉ። ዘንድሮ ጥሪው በወር ከዘገየ «ካለፈው ዓመት ወድቀሃል» የሚል አስፈሪ መስመር ታያላችሁ። መውደቅ አይደለም። ልጆቹ ገና ቤታቸው ናቸው። ለዚህ ብዬ ሱቅ ውስጥ በተሰቀለው ካላንደር ላይ ጾሙን፣ ዒዱን፣ የጥሪውን ቀን በስክሪብቶ አከብባለሁ። ይቺን ሰርች ኮንሶል በራሱ አያውቃትም።

ሦስተኛውን በሽታ በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ፦ «ከአዲስ አበባ ጅማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ወደ 350 ነው። ጉግል ይሄን እዚያው አናት ላይ ይመልሰዋል። ሰውየው መልሱን አይቶ ስልኩን ኪሱ ይከታል። እኔ አንደኛ ብሆን ምን ዋጋ አለው? እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጠቃለለ መልስ ከላይ ማምጣት ጀምሯል። ስለዚህ ክሊኩ የሞተበትን ጥያቄ ትቼ የመኪናውን ጉዳይ ጻፍኩ። ማታ የሚደርስ ሰው መናኸሪያ ሲወርድ ባጃጅ ስንት ብር ይጠይቁታል? በክረምት የትኛው ሰፈር ጭቃ ነው? አዌቱ ወንዝ ዳር ያለው ኪራይ ለምን ረከሰ? ይሄን ለመመለስ እዚህ መኖር ያስፈልጋል። ክሊኩም እዚያ ነው ያለው።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል። የፍለጋ ቃላት ዝርዝር።

እዚህ ስትገቡ ሰው በትክክል የጻፈውን ታያላችሁ። ከነስህተቱ፣ ከነድፍረቱ። ጅማ ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ጂማ የሚል አለ፣ በላቲን ፊደል የሚጽፍም ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርስቲ። ፀሐይ በሦስት ዓይነት። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መሣሪያው እያንዳንዱን አጻጻፍ እንደተለየ መስመር ነው የሚቆጥረው። አንድ ጥያቄ አምስት ቦታ ተበትኖ «ማንም አይፈልገውም» ሊመስላችሁ ይችላል። መፍትሔ አለው። ማጣሪያው ላይ ሬጄክስ የሚል አማራጭ አለ። እዚያ ውስጥ ሁለቱን አጻጻፍ በቀጥታ ቋሚ መስመር ለይታችሁ «ጅማ|ጂማ» ብላችሁ ስታስገቡ ሁለቱንም ደምሮ ያመጣዋል። ይቺን ያወቅኩ ቀን የሰፈር ስሞቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሄርማታን፣ ፈረንጅ አራዳን፣ ቆጪን። የቆጪ ኪራይ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ብታዩ ትስቃላችሁ።

አርዕስቴ ላይ አንዱን አጻጻፍ ብቻ እይዛለሁ። ሌላውን ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ተፈጥሯዊ በሆነ ቦታ አንዴ አስገባለሁ። አምስቱንም ደርድሮ ርዕስ ላይ የሚለጥፍ ሰው አይቻለሁ፤ የመንገድ ላይ ማስታወቂያ እንጂ ጽሑፍ አይመስልም።

ሱቄ ውስጥም የምሰማው ይህንኑ ነው። ዶክመንት ሊያስጠርዝ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ ውሃ የማይጠፋበት ግቢ አለ?» ይለኛል። ማታ ኮንሶሉን ስከፍት ያው ጥያቄ በጽሑፍ አለ። ቁጥሩን ያመንኩት በዚህ ነው።

ወደ ጉድለቶቹ። አሉት፣ ትንሽም አይደሉም።

አንደኛ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፉትን ፍለጋ አያሳይም። የፈላጊውን ማንነት ለመጠበቅ ይደብቀዋል። ለእንግሊዝኛ ገጽ ይሄ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። በአማርኛ፣ ያውም ስለ አንድ ከተማ ለሚጽፍ ሰው ግን አብዛኛው ፍለጋ «ጥቂት ሰው የጻፈው» ነው። ስለዚህ የላይኛው ድምርና የታችኛው ዝርዝር አይገናኙም። ዝርዝሩን ደምራችሁ ከድምሩ ቢያንስባችሁ አትደንግጡ፤ የተደበቀው ነው።

ሁለተኛ፣ አማካይ ደረጃ የሚባለው ቁጥር አሳሳች ነው። አዲስ ጽሑፍ አውጥታችሁ ገና በሩቁ፣ ስድሳኛ ሰባኛ ላይ መታየት ሲጀምር የጠቅላላ ብሎጉ አማካይ ይወርዳል። ነገሩ ግን መልካም ዜና ነው። የጠቅላላውን አማካይ እርሱት። ገጽ በገጽ፣ ጥያቄ በጥያቄ እዩት።

ሦስተኛ፣ ቀኑ የኛ ቀን አይደለም። የየዕለቱ ቁጥር የሚቆጠረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የገባ አንባቢ ሰኞ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። ቁጥሩም እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የመጨረሻዎቹን 24 ሰዓታት የሚያሳይ እይታ ጨምረዋል፤ እሱ በየአገሩ ሰዓት ነው፣ በጥቂት ሰዓት መዘግየት ይመጣል። ለእኔ ግን ጭንቀት ከማብዛት ሌላ አልጠቀመኝም።

አራተኛ፣ የገጽ ፍጥነትን የሚለካው ክፍል ለትናንሽ ብሎጎች ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። መረጃውን የሚሰበስበው በክሮም ብራውዘር ከሚገቡ እውነተኛ አንባቢዎች ስለሆነ ቁጥራችን አይበቃውም። «በቂ መረጃ የለም» ይላችኋል። ለፍጥነት ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለውን ሌላ ነፃ መሣሪያ ተጠቀሙ። ዋናው የገጹ ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ከታየ ጥሩ ነው የሚሉት። ከጅሬን ተራራ ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ ከስልክ እንደወጣ አትስቀሉት፣ አሳንሱት። ለጉግል ስትሉ እንኳ ባይሆን የአንባቢያችሁን ዳታ እዘኑለት።

አምስተኛ፣ ከላይ ያልኩትን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መልስ ለብቻው አይለይም። እዚያ ውስጥ መታየታችሁም ከተራው የድር ፍለጋ ቁጥር ጋር ተደምሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ክሊክ ሲቀንስ በዚህ ነው ብሎ በልበ ሙሉነት መናገር አይቻልም፤ መገመት ብቻ ነው።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ ለእኔ የሚሆን መልስ የለውም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከፔጆች ይልቅ የወዳጅና የዘመድ ፖስት አስቀድማለሁ ካለ ወዲህ ፔጅ ላይ ሊንክ ለጥፎ አንባቢ መጠበቅ ከብዷል። ያን ኮንሶሉ ውስጥ አታዩትም። ቴሌግራም ቻናል በዚህ ይሻላል፤ የለጠፋችሁት በጊዜ ቅደም ተከተል ይሄዳል፣ ማን ያየዋል ብሎ የሚመርጥ አማላጅ የለም። ችግሩ አዲስ ሰው በራሱ አያገኛችሁም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ዩቲዩብም፣ ቲክቶክም አገር ውስጥ ተገድበው እንደነበር አትርሱ። ያኔ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፤ ተራው ፍለጋ ግን ይሠራ ነበር። ሁሉን እንቁላል በአንድ ቅርጫት ላለማስቀመጥ ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልገኝም። አሁን የማደርገው ይሄ ነው፦ ከጉግል የመጣው ሰው ጽሑፉን ጨርሶ ሲወርድ የቴሌግራም ቻናሌን ያገኛል። ጉግል ያስተዋውቀናል፣ ቴሌግራም ያቆየናል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ «ዲጂታል ማርኬቲንግ እንሠራለን» የሚል ቢሮ ደውሎልኝ ነበር። «በወር ይሄን ያህል ክፈል፣ ጉግል ላይ አንደኛ እናደርግሃለን፣ ዋስትና አለው።» ልጁ አፉ ማር ነው። «በየትኛው ፍለጋ ነው አንደኛ የምታደርገኝ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ የብሎጌን ስም ጠራልኝ። በራሴ ስም ስፈለግማ ድሮም አንደኛ ነኝ! ጉግል ራሱ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ ኮንሶሉን ክፈቱና «የትኛውን መስመር ነው የምታነሳው?» በሉት። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ዝርዝሩን አይቶ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። የማያውቀው የባንክ ቁጥር ይልካል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው ወይ? መካከለኛ። ለብቻው የተሠራ የስልክ አፕ የለውም፤ በብራውዘር ነው። ስልክ ላይ ሰንጠረዡ ይጠባል። እኔ የምጠቀመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃላቱን ለመልመድ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ ጽሑፍ ስታወጡ አድራሻውን አስገብታችሁ «መዝግብልኝ» የምትሉበት ቦታ አለ። አንዴ ይበቃል። ደጋግሞ መጫን አያፋጥነውም፤ በቀን የሚፈቀደውም ውስን ነው። ሳይትማፑን፣ ማለትም የገጾቻችሁን አድራሻ የሚዘረዝረውን ፋይል፣ አንዴ ካስገባችሁ ደግሞ ቀሪውን በራሱ ጊዜ ይደርስበታል። አንዳንዱ በቀናት፣ አንዳንዱ በሳምንታት።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለተደበቁት ፍለጋዎች ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ያ ቁስል ነው።

ለማን ይሆናል? የራሱ ብሎግ ወይም ድረ ገጽ ላለው ሁሉ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ የራሳችሁ አድራሻ እስኪኖራችሁ ድረስ ለእናንተ አልተሠራም። በየቀኑ መክፈት የሚወድ ሰውም ይቅርበት። እኔ የሳምንቱን ሒሳብ ስሠራ አብሬ አየዋለሁ፣ በቃ።

ብሎጋችሁ ብሎገር በሚባለው የጉግል አገልግሎት ላይ ከሆነ በዚያው የጉግል አካውንት ስትገቡ ብሎጉ የእናንተ መሆኑን የማረጋገጡ ሥራ ብዙ ጊዜ ራሱን ይጨርሳል። ዎርድፕረስ ላይ ወይም በራሳችሁ ዶሜይን (በገዛችሁት የድረ ገጽ አድራሻ) ከሆነ አንድ መስመር ኮድ መለጠፍ፣ ወይም ዶሜይኑን ከገዛችሁበት ቦታ አንድ መዝገብ መጨመር አለባችሁ። የማታውቁት ከሆነ ዶሜይኑን የሸጠላችሁን ሰው አሠሩት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለብቻው ገንዘብ አያስጠይቅም። አሁን ልታዩት ባታስቡም እንኳ ዛሬውኑ አስመዝግቡት። ዘንድሮን ከከርሞ ለማነጻጸር የዘንድሮው ቁጥር መኖር አለበት፤ እሱ ደግሞ መከማቸት የሚጀምረው ስታስመዘግቡት ነው።